ተሰናበተ፣ ተበተነ፣ ከዳ፦ ወታደርን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ መዘግየትና ቃላቱ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ከጦርነት በኋላ ወታደርን አሰናብቶ ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለሱ ሥራ በብዙ አገሮች ይዘገያል። መዘግየቱ የገንዘብ፣ የፖለቲካና የአደረጃጀት ምክንያቶች አሉት። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ምክንያቶች ባጭሩ ከገለጸ በኋላ፣ ሥራው የሚጻፍባቸውና የሚነገርባቸው ቃላት መዘግየቱን እንዴት ባለቤት አልባ እንደሚያደርጉት ያብራራል። መነሻው በጁባ የሚገኘው የማንጋቴን የተፈናቃዮች ሠፈር ሲሆን፣ የቋንቋ ማስረጃዎቹ ከአማርኛና ከጁባ ዐረብኛ የተወሰዱ ናቸው። በመጨረሻም የስንብት ሰነዶችን ለሚተረጉሙ ባለሙያዎች አራት ነጥቦች ቀርበዋል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. መነሻ፦ ሁለት በሮች

ማንጋቴን በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ይገኛል። ዲሴምበር 15 ቀን 2013 በጁባ ጦርነት ሲፈነዳ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቅጥሮች ሸሽተው ገቡ። ከእነዚህም መካከል በ2018 ከቅጥሩ ወጥተው በማንጋቴን የሠፈሩ አሉ፤ አብዛኞቹም ኑዌርኛ ተናጋሪዎች ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት ቅጥሮች የተሰየሙት የሰላማዊ ሰዎች መጠበቂያ ተብለው ነበር። ስያሜው ከስምነት አልፎ ሕግ ነበር። መሣሪያ ታጥቆና የደንብ ልብስ ለብሶ መግባት ክልክል ነውና፣ ወታደር የነበረ ሰው መሣሪያውን አስረክቦና ልብሱን ለውጦ ከገባ በቅጥሩ አቆጣጠር ሰላማዊ ሰው ይሆናል። ይህን ለመሆን የፈጀበት ጊዜ በሩን ለማለፍ የፈጀበትን ያህል ነው። በሠራዊቱ መዝገብ ግን ያው ሰው ገና ወታደር ነው፤ ወይም ከድቶ የጠፋ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ከሠራዊቱ መዝገብ በሕጋዊ መንገድ የሚወጣበት ሌላው በር ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ልዩነት በሰው ሕይወት ላይ ብዙ ይወስናል። ያልተከፈለ ደመወዝ መጠየቅ ይችላል ወይስ አይችልም? ጦርነት ቢያገረሽ ይጠራል ወይስ አይጠራም? በመንገድ ላይ ቢያዝ ተፈናቃይ ነው ወይስ ኮብላይ? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የሚፈቱት በአንድ ግሥ ነው። የቋንቋ ጥናት በዚህ ነገር ውስጥ ስፍራ የሚኖረውም ከዚህ የተነሣ ነው። ፈላስፋው ጆን ኦስቲን እንዳስገነዘበው፣ አንዳንድ ቃላት ሥልጣን ባለው ሰው አንደበት ሲነገሩ ነገሩን ራሱን ይፈጽሙታል። ዳኛ «ፈርጃለሁ» ሲል ፍርዱ ይፈጸማል። ስንብትም ከዚህ ወገን ነው፤ ሥልጣን ያለው አካል እስካልተናገረው ድረስ የለም። ስለዚህ የስንብት መዘግየት ማለት አንድ ሊነገር የሚገባው ቃል ሳይነገር መቆየቱ ነው።

2. መዘግየቱ በምን መንገድ ይመጣል?

የደቡብ ሱዳን ታሪክ በዚህ ረገድ በቂ ትምህርት ይሰጣል። በ2005 የተፈረመው አጠቃላይ የሰላም ስምምነት በሱዳን በሁለቱም ወገን ያሉ ኃይሎች እንዲቀነሱ የሚያደርግ ነበር። በደቡብ በኩል ታስቦ የነበረው ቁጥር 90 ሺህ ሲሆን ሥራው የተጀመረው በ2009 ነው። አገሪቱ ነጻ እስከ ወጣችበት እስከ 2011 ድረስ የተሰናበቱት ወደ 12 ሺህ 500 የሚሆኑ ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ አዲስ ዕቅድ ወጣ፤ ነገር ግን በሙከራ ደረጃ ላይ እያለ የ2013ቱ ጦርነት ተነሣ።

ሴፕቴምበር 12 ቀን 2018 በአዲስ አበባ የተፈረመው የታደሰው ስምምነት ነገሩን እንደገና ጀመረው። በዚህ ስምምነት መሠረት ታጣቂዎች በማሰባሰቢያ ካምፖች ተሰብስበው ይመዘገባሉ፤ ከዚያም ይጣራሉ፤ ብቁ የሆኑት ሠልጥነው ወደ አንድ የተዋሐደ ኃይል ይገባሉ፤ የቀሩት ደግሞ ትጥቅ ፈትተው ይሰናበታሉ። ለቅድመ ሽግግሩ የተሰጠው ጊዜ ስምንት ወር ነበር። ጊዜው በሜይ 2019 ሲያልቅ ለስድስት ወር፣ ከዚያም ለ100 ቀን ተራዘመ፤ የአንድነት መንግሥት የተመሠረተው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2020 ነው። ከታሰበው የ83 ሺህ የተዋሐደ ኃይል የመጀመሪያው ክፍል በጁባ የተመረቀው ኦገስት 30 ቀን 2022 ነበር። የሽግግሩ ማብቂያም መጀመሪያ ወደ ፌብሩዋሪ 2025፣ ኋላም ወደ ፌብሩዋሪ 2027 ተገፋ።

ለመዘግየቱ በይፋ የተነገሩት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ገንዘብ አልተለቀቀም፤ በካምፖቹ ምግብና መድኃኒት አነሰ፤ የአዛዥነት ሥልጣን ክፍፍል አከራከረ፤ የጸጥታው ምክር ቤት በጁላይ 2018 የጣለው የመሣሪያ ማዕቀብ ተመራቂዎችን ለማስታጠቅ እንቅፋት ሆኗል ተባለ። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ግን አንድ የአሠራር ቅደም ተከተል አለ፦ ስንብት የመጨረሻው ደረጃ ነው። ተሰናባች ማለት በተዋሐደው ኃይል ውስጥ ያልተመረጠ ማለት ስለሆነ፣ ምርጫው ሳያልቅ ተሰናባቹ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰዋስዋዊ ቅርጹም ይህንኑ ይናገራል፤ «ያልተመረጡት» የሚለው አሉታዊ ዘርፍ የሌላ ድርጊት ትራፊ ነው። ተሰናባቹ በራሱ ስም አልተጠራም። የተራበው ከካምፕ ወጥቶ ወደ ዘመዶቹ ሲሄድ ደግሞ የተመረጠም ያልተመረጠም ሳይሆን ይቀራል።

3. ክተት አንድ ቃል ነው፤ ስንብት ግን

የአማርኛ አንባቢ ነገሩን በራሱ ቋንቋ ሊመረምረው ይችላል። አማርኛ ሰውን ወደ ጦር ለመጥራት «ክተት» የሚል አንድ ቃል አለው። ቃሉ ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ተናጋሪው ንጉሥ ወይም መንግሥት፣ ተደማጩም «አንተ» የተባለው ሰው እንደሆነ ከቅርጹ ይታወቃል። ነጋሪት ተጎስሞ በአንድ ቀን ይነገራል። የዚህ ተቃራኒ የሆነ፣ በአዋጅ የሚነገር «ወደ ቤትህ ግባ፤ ነጻ ነህ» የሚል አንድ ቃል ግን በአስተዳደር ቋንቋችን አልተለመደም። በምትኩ ሦስት ግሦች ቦታውን ተከፋፍለውታል።

የመጀመሪያው ተሰናበተ ነው። የዚህ ግሥ ጠባይ ልዩ ትኩረት ይሻል። መነሻ ቅርጹ ያለ «ተ» ወይም ያለ «አ» አይነገርም፤ «ሰናበተ» የሚል ግሥ የለንም። ስለዚህ «ተሰናበተ» በአንድ ቅርጽ ሁለት ሥራ ይሠራል።

(ሀ) እናቱን ተሰናብቶ ወጣ።
(ለ) ከሥራ ተሰናበተ።

በ(ሀ) ባለቤቱ አድራጊ ነው፤ ተሳቢም አለው፤ ስንብቱን የፈጸመው ራሱ ነው። በ(ለ) ግን ባለቤቱ ተደራጊ ነው፤ ያሰናበተው ሌላ ነው። ልዩነቱን የሚሸከሙት «-ን» እና «ከ-» ብቻ ናቸው። እነዚህ ሲወድቁና «ወታደሩ ተሰናበተ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ራሱ ወጥቶ እንደሆነ ወይም ሌላ አካል አውጥቶት እንደሆነ ከዐረፍተ ነገሩ አይለይም። በተራ ወግ ይህ ችግር አይደለም። በወታደር መዝገብ ላይ ግን ልዩነቱ በሕጋዊ ተሰናባችና በኮብላይ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ተበተነ ነው። ይህ ግሥ የብዙ ወይም የጅምላ ባለቤት ይፈልጋል። «ሠራዊቱ ተበተነ» ይባላል፤ «አንድ ወታደር ተበተነ» ግን ጆሮ አይቀበለውም። በሜይ 1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ በኢትዮጵያ የተነገረው ይህ ቃል ነው። ሠራዊቱ ከመሰናበቱ በፊት ተበትኗል። ከዚያ በኋላ አዲሱ መንግሥት የቀድሞውን ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን አቋቁሞ ከ450 ሺህ በላይ የሚሆኑ የቀድሞ ወታደሮችን መዝግቧል። ከቋንቋ አንጻር ሲታይ የኮሚሽኑ ሥራ «ሠራዊቱ ተበተነ» የሚለውን የጅምላ ዐረፍተ ነገር ወደ መቶ ሺዎች ነጠላ ዐረፍተ ነገሮች መለወጥ ነበር፤ እገሌ የተባለ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ መሥሪያ ቤት ተሰናበተ እያሉ መጻፍ። መበተንን የስንብት ትርጉም አድርጎ መጠቀም የማይበቃውም ስለዚህ ነው። ቃሉ ሠራዊቱ መቼ እንዳበቃ እንጂ ሰውየው መቼ ነጻ እንደወጣ አይናገርም።

ሦስተኛው ከዳ ነው፤ የቅርብ ዘመዱም ኮበለለ ነው። በነዚህ ግሦች ባለቤቱ ያለ ጥርጥር አድራጊ ነው። እንግዲህ ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ሚዛን ያልጠበቀ ነገር ይታያል። መንግሥት ሲያዘገይ የምንጠቀምባቸው ግሦች አድራጊውን ይሰውራሉ፤ ወታደሩ መጠበቅ አቅቶት ሲሄድ የምንጠቀምባቸው ግሦች ግን አድራጊውን በግልጽ ይጠራሉ። አላሰናበቱትም የሚል ክስ በሰነድ ላይ ብርቅ ነው፤ ከዳ የሚል ግን የተለመደ ነው።

4. የትንቢት አንቀጽ

ሌላው ጉዳይ ጊዜን ይመለከታል። የሰላም ስምምነቶች በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ግዴታን የሚገልጽ ረዳት ግሥ አላቸው፤ የሚፈጸም ብቻ ሳይሆን ሊፈጸም የሚገባ መሆኑን ያሳያል። ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «ይሰናበታሉ» ተብሎ ይቀመጣል። ይህ ቅርጽ የዘወትር ድርጊትንም የወደፊትንም ይይዛል፤ «በየዓመቱ ይሰናበታሉ» እና «ወደፊት ይሰናበታሉ» በቅርጽ አይለያዩም። ግዴታነቱን አንባቢው ከአውድ ይገምታል እንጂ ግሡ አይናገረውም። የጥንት የሰዋስው ሊቃውንት ይህን አንቀጽ ትንቢት ብለው መሰየማቸው ለጉዳያችን የሚስማማ ነው። ትንቢት ቀን አይቆርጥም፤ ባይፈጸምም የሚጠየቅ የለውም።

የቅርቡን የኢትዮጵያ ሁኔታ እንመልከት። የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው ኖቬምበር 2 ቀን 2022 ነው። ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽንም በዚያው ጊዜ ተቋቋመ፤ በመላ አገሪቱ ሊያሰናብታቸው ያሰባቸው ከ370 ሺህ በላይ ናቸው። በትግራይ በመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሺህ ሰዎችን የማሰናበቱ ሥራ በመቀሌ የተጀመረው በኖቬምበር 2024 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት «የቀድሞ ታጣቂ» የሚለው ስም በየመግለጫው ይሠራበት ነበር። «የቀድሞ» የሚለው ቅጽል ነገሩ እንዳለፈ ይናገራል፤ የተጠራው ሰው ግን ገና ከካምፕ አልወጣም፣ ወረቀትም አልያዘም። ቅጽሉ ከግሡ ቀደመ። አንድን ሰው ሳያሰናብቱ የቀድሞ ብሎ መጥራት፣ የቀረውን ሥራ ያለቀ ያስመስለዋል።

በመካከል ላለው ሰው ስም ለማውጣት ሲሞከር ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማል። «ተጠባባቂ» ብንለው በወታደር ቋንቋ ለመጠባበቂያ ጦር የተያዘ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ሊጠራ የተዘጋጀ ማለት ነው፤ ይህም ከታሰበው ተቃራኒ ነው። «ጠባቂ» ብንለው ዘብ ይሆናል። «ጠበቀ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሰውን መጠበቅንም ስፍራን መጠበቅንም ስለሚይዝ፣ ስንብቱን የሚጠብቀው ሰውና ካምፑን የሚጠብቀው ወታደር በአንድ ቃል ይጠራሉ። ብዙ ጊዜም በእውኑ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው።

5. በጦር ሠፈር የተወለደ ቋንቋ

በጁባ የገበያው፣ የመንገዱና የልዩ ልዩ ብሔረሰቦች መግባቢያ ጁባ ዐረብኛ ነው። የ2011ዱ የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ፣ የአገር ተወላጅ ቋንቋዎችን ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋዎች አድርጓል። የሰላሙ ስምምነት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በካምፕ ያለ ሰው ስለ ራሱ ስንብት የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በቃል ተተርጉሞ ነው።

ጁባ ዐረብኛ ከስም በፊት የመሆን ግሥ አያስፈልገውም። «ኡዎ አስከሪ» ማለት «እሱ ወታደር ነው» ማለት ነው። «ካን» ሲጨመር «ኡዎ ካን አስከሪ»፣ ወታደር ነበረ ይሆናል። «ሊሳ» ገና የሚለውን፣ «ካላስ» ማለቁን ያሳያሉ። ቋንቋው እንግዲህ ያለቀውንና ያላለቀውን ለመለየት በቂ መሣሪያ አለው፤ «ኡዎ ሊሳ አስከሪ» የሚለው አጭር ዐረፍተ ነገር፣ የሰነዶቹ ረጃጅም አንቀጾች የማይናገሩትን ገና አለመሰናበቱን በግልጽ ይናገራል።

ተደራጊነት ግን በሌላ መንገድ ይመጣል። ጁባ ዐረብኛ ተደራጊን የሚለየው በቃሉ መጨረሻ ቀለም ላይ አጽንዖት በማድረግ ነው። «ካቱሉ» በመጀመሪያው ቀለም ላይ ሲጸና ገደለ፣ በመጨረሻው ላይ ሲጸና ተገደለ ይሆናል። በዚሁ ደንብ «ሲቡ» የሚለው ግሥ መተውንም መተዉንም ሊያመለክት ይችላል። አጽንዖቱ ምልክት ሳይደረግበት ሲጻፍ፣ አንባቢው ማን ማንን እንደተወ የሚረዳው ከአውዱ ብቻ ነው። አማርኛ በ«ተሰናበተ» ላይ ያለው አሻሚነትና ጁባ ዐረብኛ በጽሕፈት ላይ የሚገጥመው አሻሚነት ምንጫቸው የተለያየ ቢሆንም፣ የሚያደርሱት ከአንድ ስፍራ ነው።

የቋንቋው ታሪክ ራሱ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ጁባ ዐረብኛ የመነጨው በ19ኛው መቶ ዓመት በደቡብ ሱዳን ከነበሩት የቱርክ ግብፅ አገዛዝ የጦር ሠፈሮች ነው። ከዚሁ ምንጭ የወጣ ኑቢ የሚባል እኅት ቋንቋ በኡጋንዳና በኬንያ ይነገራል። የመጀመሪያ ተናጋሪዎቹ የኢኳቶሪያ ገዥ የነበረው የኤሚን ፓሻ ወታደሮች ናቸው። ኤሚን ፓሻ በ1889 ከስታንሊ ጋር ሲወጣ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ባሉበት ቀሩ፤ ያሰናበታቸው አልነበረም። በ1891 ሉጋርድ አገኛቸውና ለእንግሊዞች አገልግሎት መለመላቸው። ከዘሮቻቸውና ከባልደረቦቻቸው ብዙዎቹ ከውትድርና በኋላ በናይሮቢ ኪቤራ እንዲሠፍሩ ተፈቀደላቸው፤ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ግን አልተሰጣቸውም። ለኑቢ ማኅበረሰብ የ288 ኤከር የጋራ ይዞታ ማረጋገጫ የተሰጠው በ2017 ነው። የልጅ ልጆቻቸው የሚናገሩት ቋንቋ በትክክል ሳይሰናበት የቀረ ሠራዊት ቋንቋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የስንብት መዘግየት በአንድ ሰው ዕድሜ ላያበቃ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

6. ለተርጓሚዎች የሚቀርቡ ነጥቦች

በቋንቋ የሚስተካከለው የጉዳዩ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ገንዘብ ያልተመደበለት ስንብት በጥሩ ሰዋስው አይፈጸምም። ነገር ግን ሰነዱ ባለቤት፣ ቀንና ስም ሲኖረው የሚጠብቀው ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ስለዚህ የሚከተሉት ቀርበዋል።

አንደኛ፣ በስንብት ሰነድ ላይ «ተሰናበተ» በሚለው ፈንታ አድራጊውን የሚጠራ «አሰናበተ» ይቅደም፤ «ኮሚሽኑ እገሌን ከዚህ ቀን ጀምሮ አሰናብቷል» ይባል።

ሁለተኛ፣ ግዴታን የያዘ አንቀጽ በትንቢት ብቻ አይተርጎም። «ይሰናበታሉ» ከማለት ይልቅ «ኮሚሽኑ እስከዚህ ቀን ድረስ ማሰናበት አለበት» ማለት ግዴታውንም ተጠያቂውንም ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ በምዝገባና በስንብት መካከል ያለው ሰው የራሱ ስም ይኑረው። «ተጠባባቂ» ስለማይሆን፣ ረዘም ቢልም «ስንብቱ ያልተፈጸመለት» የሚለው ይሻላል፤ ያልተፈጸመ ሥራ መኖሩንና ሥራውም የእርሱ አለመሆኑን ያሳያልና። «የቀድሞ» የሚለው ቅጽልም ስንብቱ ሳይፈጸም አይሰጥ።

አራተኛ፣ ሰነዱ በሰውየው ቋንቋ ይነበብለት። በማንጋቴን ይህ በቅድሚያ ኑዌርኛና ጁባ ዐረብኛ ማለት ነው። ጁባ ዐረብኛ ሲጻፍ በተደራጊ ግሦች ላይ የአጽንዖት ምልክት ይደረግ፤ ምልክቱ ቢቀር እንኳ ያሰናበተው አካል በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ በስም ይጠራ። ኑዌርኛ በጋምቤላም ስለሚነገር፣ በድንበሩ በሁለቱም ወገን ያሉ ተርጓሚዎች የቃላት ዝርዝራቸውን ቢያስተያዩ ከአንድ ቋንቋ ሁለት የስንብት መዝገበ ቃላት ከመፍጠር ይድናሉ።

7. ማጠቃለያ

ስንብት ሥልጣን ባለው አካል ሲነገር ብቻ የሚፈጸም ድርጊት ነው። በደቡብ ሱዳንም በኢትዮጵያም የሚነገርበት ጊዜ ሲገፋ፣ አድራጊውን የሚሰውሩ ግሦች፣ ቀን የማይቆርጥ አንቀጽና ጊዜውን የቀደመ ቅጽል መዘግየቱን ከሰነዱ ላይ አጥፍተውታል። ወታደሩ ወደ ጦር ሲጠራ «አንተ» ተብሎ ነው፤ ሲሰናበትም ያሰናበተው ማን እንደሆነ በስም ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል። በማንጋቴን ላለና መሣሪያውን ካስረከበ ብዙ ዓመት ለሆነው ሰው፣ ያ አንድ ዐረፍተ ነገር መንገድ ላይ ሲጠየቅ አውጥቶ የሚያሳየው ማስረጃ ነው።